የኮይ ጫጩት አመራረጥ፦ «ዛሬ ያማረውን ውሰዱ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ኮይ የተባለውን፣ ለቀለሙ ውበት የሚረባውን የጃፓን የካርፕ ዓሣ በሚያኖሩ ወገኖች መካከል ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ፤ ርዕሱ «ኮይ ሲገዙ እንዳይሸወዱ» ይላል። ጓሮው ውስጥ ኩሬ ቆፍሮ የመጀመሪያዎቹን ዓሦች ሊገዛ የተነሣ ሰው ሁሉ እንደ መመሪያ ይዞት እየሄደ ነው። አጻጻፉ ግልጽ ነው፤ ለገዢው የሚያስብ ሰው እንደጻፈውም ያስታውቃል። ችግሩ ምክሩ ላይ ነው። የተባለውን አንድ በአንድ የፈጸመ ገዢ በስድስት ወሩ ዐይን የሚስበውን፣ በሦስት ዓመቱ ግን ተራ የሚሆነውን ዓሣ ለቅሞ ይወጣል።

የጸሐፊው ነጥቦች ስድስት ናቸው፤ ሳላጣምም ላስቀምጣቸው። ቀዩ የጠለቀውንና የቀለሙ ጠርዝ በዙሪያው ጥርት ያለውን ውሰዱ ይላሉ፤ «ዛሬ ያላማረ ነገ አያምርም»። ከሰውነት ቅርጽ ይልቅ የቀለሙ አቀማመጥ ይቀድማል፣ ቅርጽ በመኖ ይስተካከላልና። ከእኩዮቹ መካከል ትልቁ ምንጊዜም የተሻለው ነው። ጥቁር ባለባቸው ዝርያዎች ላይ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ጥላ ከታየ ዓሣው የቆሸሸ ዘር ስለሆነ ይተው። የደበዘዘ ቀለም በቀለም መኖ ይመለሳል። በመጨረሻም የጃፓን አርቢ ወረቀት ያለውን ዐይን ጨፍኖ መግዛት ይቻላል። ስለ ወደፊት ተስፋ የሚያወሩ ሰዎችን ደግሞ «ላም አለኝ በሰማይ» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሰናብቷቸዋል። ለማስረጃ የጠቀሱት በ2018 እ.ኤ.አ. በ203 ሚሊዮን የን የተሸጠችውን፣ የሂሮሺማው የሳካይ እርባታ ያሳደጋትን «ኤስ ሌጀንድ» የተባለች ኮሃኩ፣ ማለትም ነጭ ገላ ላይ ቀይ ያለባት ኮይ ነው።

ልክ የሆኑበትን ቀድሜ ልናገር። ኮይ ከላይ ወደ ታች እንጂ በመስታወት ጎን አይመዘንም ማለታቸው ትክክል ነው፤ ዝርያው ለሁለት መቶ ዓመት ያህል የተመረጠው ኩሬ ዳር ቆሞ ቁልቁል በሚያይ ሰው ዐይን ነው። ፎቶ ብቻ አይቶ አለመግዛትም ተገቢ ነው። አዲስ ዓሣ ከነባሮቹ ጋር ወዲያው አይቀላቀል ያሉትንም እቀበላለሁ፤ አፈጻጸሙ ላይ ግን ልዩነት አለንና ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቀዩ። ከስድስቱ ምክሮች በጣም የሚጎዳው ይህ ስለሆነ ረዘም ማለቴን አንባቢ ይታገሠኝ።

አርቢዎች የኮይን ዕድሜ በጃፓንኛ ነው የሚጠሩት፤ የመጀመሪያው ዓመት ቶሳይ፣ ሁለተኛው ኒሳይ፣ ሦስተኛው ሳንሳይ ይባላል። ነጭ ገላ ላይ ቀይ ያለበት ኮሃኩ ቀለሙን በየትኛው ዕድሜ ይጨርሳል የሚለው በዋናነት የዘር ጉዳይ ነው። በቶሳይነቱ የጎልማሳ ቀይ የለበሰ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርስበት ደርሷል። ከዚያ በኋላ ገላው በእጥፍና ከዚያም በላይ ሲረዝም ያው ቀለም በሰፊ ቆዳ ላይ ይሳሳል፤ በቅርፊቶቹ መካከል ቀዳዳ የመሰለ ስስ ቦታ ይታያል፤ ከጭራው በኩል መቆራረጥ ይጀምራል። አርቢ የሚፈልገው ቶሳይ ግን ለጀማሪ ዐይን ፈዘዝ ያለ የሚመስለውን ነው፦ ብርቱካንማ ቀይ፣ ነገር ግን ከትከሻ እስከ ጭራ እኩል ውፍረት ያለው። እንዲህ ያለው ቀይ ዓሣው እያደገ ሲሄድ የመወፈርና የመጥለቅ ዕድል አለው። ፈዛዛ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ፈዛዛም ሆኖ ዝንጉርጉር የሆነ፣ አንዱ ቅርፊት ቀይ ቀጥሎ ያለው ሮዝ የሆነ ቶሳይ ሊተው ይገባል። መለኪያው የቀለሙ ጥልቀት ሳይሆን ወጥነቱ ነው። ለመፈተሽ መጀመሪያ የሚታየው ከጭራው አጠገብ ያለው የመጨረሻው ቀይ ነው፤ ቀለም ሲለቅ ቶሎ የሚለቀው እዚያ ነውና። የራስ ቅሉ ላይ ያለው ቀይ ደግሞ ቅርፊት በሌለው ቆዳ ላይ ስለሚያርፍ ከጀርባው ትንሽ ቢሳሳ ዓሣውን አያስጥለውም።

በዚህ ምክር ውስጥ ጸሐፊው ያላስተዋሉት አንድ ግጭት አለ። ከኮይ መካከል ቀለማቸውን ቀድመው የሚጨርሱት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶቹ ናቸው፤ ሴቶቹ ይዘገያሉ፣ በመጨረሻው ግን በርዝመትም በስፋትም ይበልጣሉ። ከ25 ሳ.ሜ. በታች ባለ ዓሣ ላይ ፆታን በዐይን መለየት ደግሞ በጣም አስቸጋሪ ነው። እንግዲህ ከሳፋ ውስጥ ቀዩ የጠለቀውን ብቻ እየለቀመ የሚወጣ ሰው ሳያውቀው ወንዶቹን እያጣራ ነው። ያው ጽሑፍ በሌላ አንቀጹ «በትክክል ከመረጡ 80 ሳ.ሜ. ይደርሳል» ይላል። ሁለቱን ምክሮች በአንድ ዓሣ ላይ ማግኘት በዕድል ካልሆነ አይቻልም።

ስለ «ኤስ ሌጀንድ» የቀረበው ማስረጃም ለጸሐፊው አይመሰክርላቸውም። የተሸጠችው ከ1 ሜትር በላይ የሆነች፣ ያደገች ሴት ናት። ገዢው የከፈለው በዐይኑ ላየው ውጤት እንጂ ለተስፋ አይደለም። ስለዚህ ያ ዋጋ ቶሳይ በምን መመረጥ እንዳለበት አንድም ነገር አይነግረንም፤ ይልቁንም ኮይ የሚመዘነው ስንት ዓመት ቆይቶ እንደሆነ ነው የሚያስታውሰን።

ጠርዝን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሹን ይዘው ግማሹን ጥለዋል። የዓሣ ቅርፊት እንደ ጣሪያ ሸክላ ከራስ ወደ ጭራ ተደራርቦ የተነጠፈ ነው፤ የእያንዳንዱ ቅርፊት የፊት ክፍል ከፊቱ ባለው ቅርፊት ሥር ይገባል። ቀዩ በሚያልቅበት በጭራው በኩል ቀይ ቅርፊት ነጩን ከላይ ስለሚሸፍን ጠርዙ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ይህንን ኪዋ ይሉታል። ቀዩ በሚጀምርበት በራስ በኩል ግን ነጭ ቅርፊት በቀዩ ላይ ይተኛል፤ ከሥር ያለው ቀይ በነጩ ውስጥ እያሳለፈ አንድ ቅርፊት የሚያህል ሮዝ ወይም ሰማያዊ መሰል ብዥታ ይፈጥራል፤ ይህ ደግሞ ሳሺ ይባላል። የኋላ ጠርዙ ጥርት እንዲል መፈለግ ተገቢ ነው። የፊቱ ብዥታ ግን በቶሳይ ላይ ጉድለት ሳይሆን ምልክት ነው፤ ቀለሙ ገና ወፍሮ እንዳልጨረሰ ይናገራል። ሳሺ ጨርሶ የጠፋበት የስድስት ወር ዓሣ ሲያጋጥም መጠየቅ ያለበት «ምን ቀረው?» ተብሎ ነው። ብዥታው ከአንድ ቅርፊት አልፎ ሦስትና አራት ቅርፊት ከተዘረጋ፣ ወይም የኋላውም ጠርዝ እንዲሁ ከደበዘዘ፣ ያኔ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ይተው።

«በዙሪያው ጥርት ያለ» የሚለውን ፍለጋ ገዢው ነጩን እንዲረሳም ያደርገዋል። ኮሃኩም ሆነ ሳንኬ (ከቀይና ነጩ ላይ ጥቁር የተጨመረበት ዝርያ) ከቀዩ ይልቅ በነጩ ነው የሚለያየው። ሺሮጂ የሚባለው የነጩ መደብ ወተት የመሰለ፣ የራሱ ብርሃን ያለው መሆን አለበት። ወደ ቢጫ የሚያደላ ወይም አመድማ ነጭ ላይ የተቀመጠ ምርጥ ቀይ በኩሬ ውስጥ ከሩቅ ሲታይ አይጎላም። በመጓጓዝ የደነገጠ ዓሣ ነጩ ላይ የደም ሥሮች ይወጡና ሮዝ ይሆናል፤ ይህ ዓሣው ሲረጋጋ ይጠፋል፤ ስለዚህ ገና ከከረጢት በወጣ ዓሣ ላይ ፍርድ አይሰጥም። ነጭን ለብቻው አይቶ መፍረድ ደግሞ ከባድ ነው። ሦስት ወይም አራት ቶሳይ በአንድ ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ አብረው ሲደረጉ ግን የነጩ ልዩነት ወዲያው ይለያል።

የቀለም መኖው ጉዳይ የዚህ ተከታይ ነው። ኮይ ለቀይና ለቢጫ ቀለሙ የሚያስፈልገውን ካሮቲኖይድ የተባለ የቀለም ንጥረ ነገር ራሱ አይሠራም፤ ከምግቡ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ይህ ንጥረ ነገር ያላቸው ስፒሩሊና ወይም አስታዛንቲን ያሉበት መኖ ቀይን ያደምቃል መባሉ እውነት ነው። የሚያደምቀው ግን ያሉትን የቀለም ሴሎች ነው። ቀይ ሴል በሌለበት ቆዳ ላይ ቀይ አያበቅልም፤ ስስ ዘር የወለደውን ስስ ቀለም ወፍራም አያደርግም። ሲበዛ ደግሞ ነጩን ሮዝ ወይም ቢጫ ያስመስለዋል። ጸሐፊው መድኃኒት አድርገው ያቀረቡት ነገር በሻጩ በኩል ወጥመድ ሊሆን እንደሚችልም አልጠቀሱም፦ ከሽያጭ በፊት ለሳምንታት በቀለም መኖ ብቻ የተመገበ ቶሳይ ሱቅ ውስጥ ደማቅ ሆኖ ይታይና ተራ መኖ ሲጀምር ይፈዛል። የክንፎቹ ሥርና አፍንጫው አካባቢ ያለው ነጭ ቀላ ወይም ቢጫ ካለ ይህ ይጠረጠራል። ከገንዳው በላይ የተሰቀለ ቀላ ያለ መብራትም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ዓሣው በጥላ ሥር፣ በቀን ብርሃን ይታይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

«ቅርጽ በመኖ ይስተካከላል» የሚለው ሁለተኛው ነጥብ ግን በግልጽ ስሕተት ነው። በትዕይንት ላይ ዳኞች መጀመሪያ የሚያዩት ሰውነትን ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ቀለም በዓመታት ይለወጣል፣ አጥንት ግን በጫጩትነቱ ከተጣመመ እንደተጣመመ ይቀራል። በቫይታሚን ሲ እጥረት ያደጉ ጫጩቶች አከርካሪያቸው ሊጎብጥ፣ የስንጥብ ክዳናቸው ሊያጥር እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ስለዚህ መኖ ቅርጽ ላይ ድርሻ የለውም አልልም። ድርሻው ግን ከመበላሸቱ በፊት ነው። ከተጎዳ በኋላ ምንም ዓይነት መኖ ተመልሶ አያቃናውም። ቫይታሚን ሲ በመጋዘን ውስጥ በቆየ መኖ ላይ ስለሚቀንስ ከረጢቱ የተመረተበትን ቀን ማየት ይጠቅማል፤ እሱ ግን ለነገ ጫጩቶች ነው።

ቅርጽ እንዴት ይታያል? ዓሣው ሳፋ ውስጥ ገብቶ ይረጋጋ፤ ሲዋኝ ሳይሆን ሲቆም ከአፍንጫው እስከ ጭራው መካከለኛ መስመር ይሳልበት። ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። ትንሽ ጠመም ያለች አከርካሪ በ12 ሳ.ሜ. ዓሣ ላይ ብዙም አትታይም፤ በ50 ሳ.ሜ. ላይ ግን ከሁሉ ቀድማ የምትታየው እሷ ናት። ቀጥሎ ሲዋኝ ይታያል፤ ራሱን ወደ አንድ ወገን እያወዛወዘ የሚሄድ፣ ወይም አንዱን የደረት ክንፍ ከሌላው አሳንሶ የሚዘረጋ ካለ ይለይ። ከዚያም የጭራው ግንድ፤ ገላው አልቆ ጭራው ከመጀመሩ በፊት ያለው ክፍል ማለቴ ነው። ለወደፊት ግዝፈት ከዚህ የተሻለ ምልክት በቶሳይ ላይ አላውቅም። ወፍራም ግንድ፣ በዐይኖቹ መካከል ሰፊ የሆነ ራስ፣ ወፈር ያለ ከንፈር፣ ረዘም ያለ ጢምና ሰፋፊ ክንፎች ያሉት ዓሣ ትልቅ አጽም ይዟል። ሆዱ ተነፍቶ ግንዱ የቀጠነ ግን በመኖ የተወጠረ ነው። ገዢ በሆድ እንደሚታለል ሻጮች ያውቃሉ። አፍንም ማየት አይረሳ፤ የተጣመመ መንጋጋ ከላይ ስለማይታይ ዓሣውን በግልጽ ጎድጓዳ ዕቃ ወይም በከረጢት አድርጎ ከጎንና ከሥር መመልከት ያስፈልጋል። የስንጥብ ክዳኖቹም ሳይገለበጡና ሳያጥሩ ስንጥቡን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለባቸው።

የቀለሙ አቀማመጥ ዋጋ የለውም አላልኩም። ጸሐፊው ግን አቀማመጡን የሚያዩት እንደ ተጠናቀቀ ሥዕል ነው። ቶሳይ ሲያድግ ይረዝማል፣ ከዚያም በጎን ይሰፋል። በኮሃኩ ላይ ቀዩ ሊጠብ ይችላል እንጂ አዲስ ቦታ ላይ አይበቅልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በ12 ሳ.ሜ. ላይ ልከኛ መስለው የሚታዩ ትናንሽ ቀዮች በ60 ሳ.ሜ. ገላ ላይ የተበታተኑ ነጥቦች ይሆናሉ፤ አንዳንዶቹም ይጠፋሉ። በዚህ ዕድሜ የሚመረጠው ትንሽ የከበደ የሚመስለው፣ ከጀርባው አልፎ ወደ ጎኑ የሚወርድ ትልቅ ቀይ ነው፤ ጎኑ ሲሰፋ ያ ቀይ ወደ ላይ የወጣ ይመስላልና። አፍንጫው ላይና ከጭራው በፊት ነጭ መኖሩን ማረጋገጥ በቂ ነው። ሕጉ ለሁሉም ዝርያ እንደማይሠራም ይታወቅ። ጀርባው ሰማያዊ መረብ በሚመስለው በአሳጊ ዝርያ ላይ የሆድና የጎን ቀይ ከዕድሜ ጋር ወደ ላይ የመውጣት ልማድ አለው፤ ስለዚህ በቶሳይነቱ ቀዩ ዝቅ ያለው፣ የጀርባው መረብ ንጹሕና ራሱም ጥርት ያለው አሳጊ ይመረጣል። ከኮሃኩ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ አንድ መመሪያ ለሁሉም ማለት የሚያመጣው ጣጣ ይህ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ የጥቁሩ ነጥብ ነው። «ግራጫ ወይም ሰማያዊ ጥላ ያለበትን ተዉት» የሚለውን ሰምቶ ሾዋ የተባለውን ባለጥቁር፣ ቀይና ነጭ ዝርያ የሚገዛ ሰው ምርጦቹን ጥሎ ያለቀላቸውን ይወስዳል።

ሾዋ በ1927 እ.ኤ.አ. የተገኘው ኪ ኡትሱሪ የተባለውን ባለቢጫና ጥቁር ዝርያ ከኮሃኩ ጋር በማዳቀል ነው። ጥቁር ለሾዋ መደቡ ነው፤ ከላይ የተጨመረ ጌጥ አይደለም። ሲፈለፈሉ ጥቁር ሆነው የሚወጡ ስለሆነ አርቢዎች የመጀመሪያውን ምርጫ በቀናት ዕድሜያቸው ያካሂዳሉ፦ ጥቁሮቹ ይቀራሉ፣ ፈዛዞቹ ይወገዳሉ። ኮሃኩ ግን ቀይና ነጩ እስኪለይ ሳምንታት ይጠበቃል። ሱሚ የሚባለው ጥቁር ከቆዳው ጥልቀት ተነሥቶ ለዓመታት እየወጣ የሚሄድ ቀለም ነው፤ ገና ሳይወጣ በነጩ ሥር ሲታይ ሰማያዊ ግራጫ ይመስላል። ያ ጥላ የወደፊቱ ጥቁር ነው። ከዚህም በላይ ሱሚ እንደ ውሃው ይለዋወጣል፤ ቀዝቀዝ ባለና ጠንካራ በሆነ ውሃ ውስጥ ይጎላል፤ በሞቃትና ለስላሳ ውሃ ውስጥ ወደ ኋላ ይላል። ዓሣው ራሱም ነጣ ባለ ዕቃ ውስጥ ሲቆይ ቀለሙን ያሳሳል። ስለዚህ ሳፋ ውስጥ ገብቶ ብዙ ከቆየ በኋላ ከሚታየው ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚታየው ጥቁር ይታመናል።

ጸሐፊው ያሰጋቸው ነገር መሠረት የለውም አልልም። ቆሻሻ የሚባል ጥቁር አለ፤ ግን ጥላው አይደለም። የተደበቀው ሱሚ በርካታ ቅርፊቶችን አያይዞ የሚሄድ፣ ዳርቻው የሚለይ ቅርጽ አለው። መጥፎው ግን በነጩ ወይም በቀዩ ላይ እዚህም እዚያም የተበተነ ደቃቅ ጥቁር ቅንጣት ነው፤ ተሰብስቦ ወደ አንድ ቅርጽ የመምጣት ዕድሉ አነስተኛ ነው። በቀዩ ላይ የሚወጡት ነጠላ ጥቁር ነጥቦች ሺሚ ይባላሉ፤ አንዳንዴ የውሃ ጥራት ጉድለት ያመጣቸዋል። ጥሩውንና መጥፎውን ጥቁር ለመለየት አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ዓሣው ላይ ሙሉ በሙሉ የወጣ አንድ የጥቁር ቦታ ይፈለግ፤ የደረት ክንፉ ሥር፣ አፍንጫው ወይም ጭራው አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ያ ቦታ የሚያብረቀርቅ ድፍን ጥቁር ከሆነ ሥር ያለው ጥላም ሲወጣ እንደዚያው ይሆናል ብሎ መጠበቅ ይቻላል። ጥላሸት የመሰለ ቡናማ ጥቁር ከሆነ ግን የቀረው ቢወጣም አያስደስትም።

ክንፎቹም ይናገራሉ። ቶሳይ ሾዋ ላይ የደረት ክንፎቹ ሙሉ በሙሉ ጥቁር መሆናቸው ጀማሪን ያስደነግጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከዕድሜ ጋር ወደ ሥራቸው ተሰብስበው በነጭ ክንፍ ላይ ክብ ጥቁር ይሆናሉ። አስቀድሞ አንድም ጥቁር የሌለበት ነጭ ክንፍ በኋላ ያንን ማግኘቱ ያጠራጥራል። ታይሾ ሳንኬ ሌላ ነው። በታይሾ ዘመን፣ ማለትም ከ1912 እስከ 1926 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የጸና ዝርያ ሲሆን፣ ጥቁሩ ከኮሃኩ በላይ የተጨመረ ያህል ጀርባው ላይ ይቀመጣል፤ ራሱ ላይና ከጎን መስመሩ በታች መውረዱ አይወደድለትም፤ ክንፎቹም ቀጫጭን መስመር ይዘው ሊታዩ ይችላሉ። በልጅነቱ የሚታየው ጥቁር ተመልሶ ጠፍቶ እንደገና ሊመጣ ስለሚችል ሳንኬ ሲመረጥ መጀመሪያ ጥቁሩ የሌለ ያህል ተደርጎ በኮሃኩነቱ ይመዘናል። ያለ ጥቁሩ ደካማ ኮሃኩ የሆነ ሳንኬ ጥቁሩ ቢያምርም ደካማ ነው። ሺሮ ኡትሱሪ በተባለው ባለነጭና ጥቁር ዝርያ ጫጩት ራስ ላይ የሚታይ ቢጫም ቢሆን ብዙ ጊዜ ይጠራልና ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

ትልቁን ስለመውሰድ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የቀጨጨ ጫጩት አይገዛም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ዕድገት ለመጨረሻው ርዝመት ወሳኝ ስለሆነ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። «ትልቁ» የሚለው ቃል ግን ከዕድሜ ጋር ካልተያያዘ ባዶ ነው። በሰኔ ተፈልፍሎ በጥቅምት 15 ሳ.ሜ. የደረሰ ዓሣ ጥሩ አድጓል፤ በግሪንሃውስ ሞቅ ባለ ውሃ የጃፓንን ቀዝቃዛ ወራት ሙሉ ሲበላ አድሮ በጸደይ 30 ሳ.ሜ. ያለፈው ደግሞ ሌላ አስተዳደግ ነው ያገኘው። ሁለቱ አንድ ገንዳ ውስጥ ሲገኙ ትልቁ የተሻለ ዘር መሆኑን ርዝመቱ አይመሰክርም። ከአንድ እናት በአንድ ቀን ከተፈለፈሉትም መካከል አንዳንዶቹ ወንድሞቻቸውን እየበሉ ቀድመው ይገዝፋሉ። ትልቅ ራስና ወፍራም የጭራ ግንድ ይዞ ቀጠን ያለ ዓሣ ገና ቦታ አለው። ትንሽ ራስ ይዞ የጠበደለው ሊያቆም ተቃርቧል።

የቀረው ወረቀቱ ነው። የአርቢ ወረቀት ዝርያውን፣ እርባታውን፣ ብዙ ጊዜም የትውልድ ዓመቱንና ፆታውን ይናገራል። ዓሣው ከወንድሞቹ መካከል ስንተኛ እንደሆነ ግን አይናገርም። አንዲት ትልቅ ሴት በአንድ ጊዜ መቶ ሺዎች እንቁላል ትጥላለች፤ ከተፈለፈሉት ውስጥ በተደጋጋሚ ምርጫ የሚተርፉት ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚያም ላይ አርቢው ነገ ያድጋሉ ያላቸውን ለራሱ አስቀርቶ በሞቃቱ ወራት የጭቃ ኩሬ ውስጥ ይጨምራቸዋል፤ ታቴጎይ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በብዛት ወደ ውጭ የሚላከው ቶሳይ እሱ ያላስቀረው ነው። ይህ የውርደት ነገር አይደለም፤ የአርቢውም ኩሬ ልክ አለው፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ ዓሣም ሊያመልጠው ይችላል። ገዢ ዕድል የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው፤ ዐይኑን ከጨፈነ ግን አያገኘውም። ወረቀቱን ከማንበብ ይልቅ ሻጩን መጠየቅ ይበጃል፦ በየትኛው ወር ተፈለፈለ፣ ቀዝቃዛዎቹን ወራት በስንት ዲግሪ አሳለፈ፣ ሲበላ የቆየው ምንድን ነው፣ ወላጆቹ በስንት ዓመታቸው ቀለማቸውን ጨረሱ? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከተገኘ ከላይ የተባለው ሁሉ ትርጉም ያገኛል፤ ሳንሳይ ሲሆኑ ከሚያምሩ ወላጆች የተወለደ ፈዛዛ ቶሳይ ሊጠበቅ ይገባዋል።

«ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ስድብም የሚመለሰው በዚሁ ነው። የወጣ ጥቁር ከሥር ስላለው ይናገራል፤ ሳሺ ስለ ቀዩ ውፍረት ይናገራል፤ የጭራ ግንድ ስለ አጽሙ ይናገራል። ሁሉም ዛሬ በዐይን የሚታዩ ናቸው። ዋስትና ግን አይሰጡም፤ ቢሰጡ ኖሮ አርቢዎች በየዓመቱ ደጋግመው ባልመረጡ ነበር።

ወረቀቱ የማይሰጠው ሌላም ነገር አለ፤ ጤና። ኬ.ኤች.ቪ. የተባለው የኮይ ሄርፒስ ቫይረስ በ1998 እ.ኤ.አ. በእስራኤልና በአሜሪካ ብዙ ዓሣ ሲፈጅ ነበር የታወቀው፤ በ2003 በጃፓንም ተገኝቷል። ኮይ ብቻ ሳይሆን ተራውን ካርፕም ይገድላል። ስለዚህ ጉዳዩ በቆቃና በዝዋይ ካርፕ ለሚያጠምዱ ሰዎችም የሚተርፍ ነው፤ ከውጭ የገባ ኮይ፣ የኩሬ ውሃም ሆነ መረብ ወደ ወንዝና ሐይቅ መድረስ የለበትም። ጸሐፊው የመከሩት ሁለት ሳምንት በ0.3 በመቶ የጨው ውሃ ማቆየትን ነው። ጨው ዓሣው ጉዞውን እንዲቋቋም ይረዳዋል፣ አንዳንድ ጥገኛ ተውሳክንም ይቀንሳል፤ ቫይረሱን ግን አይነካም። በሽታው በአብዛኛው የሚወጣው ውሃው ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። በ14 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ተገልሎ ጤነኛ የመሰለ ዓሣ ኩሬው ሲሞቅ ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል። ማግለያው የራሱ ማጣሪያ፣ የራሱ መረብና የራሱ ባልዲ ይኑረው፤ ውሃው በ24 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ጊዜውም ቢያንስ 30 ቀን ይሁን። ከነባሮቹ ብዙም የማይወደድ አንድ ዓሣ አብሮ ቢገባ ደግሞ አዲሱ ተሸካሚ ከሆነ በሽታው መጀመሪያ በእሱ ላይ ሊታይ ይችላል።